አካፋው ላይ ያለችው ወርቅ

ሥዕል ባየ ቁጥር ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። ይህ ሰው ከኋላችሁ መጥቶ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በራሳችሁ ዓይን ማየት ቀረ። አበባ ያያችሁ መስሏችሁ ከሆነ አበባ አይደለም፣ ንጽሕና ነው። ውሻ ካያችሁ ታማኝነት ነው። ድመት ካለችበት ደግሞ ወንበር ሳቡ፣ ቶሎ አታልቅም።

የእኛ ቤቱ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሰፈሩ «ሊቀ ማብራሪያ» ይላቸዋል። ማን እንደ ሾማቸው ባይታወቅም ሹመቱን ሲቀበሉ አላቅማሙም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠዓሊ ነበሩ፤ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ፣ የፀጉር ቤት መስታወት፣ በጭነት መኪና በር ላይ የሚጋልብ ፈረስ፣ ሲገኝም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠርተዋል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ምላሳቸው ግን ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ የበግ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አጠገባችን ጉንጩ እንደ ዳቦ ያበጠ ሰው ተቀምጧል። «ወንድሜ፣ እስቲ ዓይንህን አበድረኝ» አሉት። መክፈቻቸው ይህች ናት። ሰውየው አፉን መክፈት ስላልቻለ እምቢ ማለትም አልቻለም። በጉ ለምን ወደ ግራ እንደሚያይ፣ ሣሩ ለምን በስተቀኝ እንደ ረዘመ፣ ጥላውን የሠራው ሰው ፀሐይን ሁለት ቦታ በማውጣቱ ምን ያህል እንዳሳፈራቸው አንድ በአንድ ነገሩት። ረዳቷ ስሙን ስትጠራ ሰውየው ብድግ ብሎ ሮጠ። ጥርሱን ለማስነቀል እየሮጠ የገባ ሰው እስከ ዛሬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

«በሥዕል ላይ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር የለም» ይላሉ። ይህችን ቃል ሐኪም እንዳዘዘላቸው ቀን ሦስት ጊዜ ይወስዷታል። ልጄ ገና ሕፃን ሳለች አያቷን ሥላ ጆሮ ብትረሳባቸው እንኳ ምክንያት አላጡላትም። «አያቴ የሰው ወሬ አይሰማም ማለትሽ ነው፤ ጎበዝ!» አሏት። አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው ወረቀቱን አየት አድርገው «አፉን ግን አልረሳችም» አሉ።

ባለቤታቸውን ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። ሥራቸው ወርቅ መለጠፍ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የምታዩትን ብርሃን የሚያበሩት እሳቸው ነበሩ። ወርቁ ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅጠል ይሆናል። በጣት አይነካም፤ ከነኩት ጣት ላይ ሟሙቶ ይቀራል። በር ከተከፈተ ይበራል፣ ሰው ካስነጠሰ ይበራል፣ ሰው ከሳቀማ አለቀለት። ስለዚህ እማማ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ኖረው ኖረው ድምፅ የሌለው ሳቅ ለመዱ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ባለቤቴ በልጅነቷ እናቷ የሚያለቅሱ እየመሰላት ትደነግጥ እንደነበር ትነግረኛለች።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታቸው የገባሁ ቀን ሳሎኑ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሥዕል የእርሳስ ንድፍ ተሰቅሎ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ምን ታያለህ?» አሉኝ ሊቀ ማብራሪያ። አንዲት ሴት ተንበርክካ እጇን ዘርግታለች፤ ፊት ለፊቷ አካፋ የያዘ ሰው ቆሟል። «አንዲት ሴትና አንድ አትክልተኛ» አልኩ። ወደ ጓዳ ዞረው ጮኹ።

«ሰማሽ? አትክልተኛ አለ!»

«ታዲያ አካፋ ይዞ ቆሞ ሐኪም ይበለው?» አሉ እማማ ከጓዳ።

ላብ በላብ ሆንኩ። ለጋብቻ መጥቼ በሥዕል የወደቅሁ መስሎኝ ነበር። ሊቀ ማብራሪያ ግን ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ እሷም የተሳሳተችው እንዲሁ ነው፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ለካ ሴትየዋ መግደላዊት ማርያም ናት። ሰውየው ከሞት የተነሣው ጌታ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗ በእንባ ተሸፍኖ የአትክልት ቦታው ጠባቂ መስሏታል። ያን ዕለት እሷ የሠራችውን ስህተት ደግሜ ሠርቼ ነው እንግዲህ እዚያ ቤት አማች የሆንኩት።

ሥዕሉ ራሱ ያለው በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ የተሠራው ሳንቃ ላይ ነው። ቀለሙ የእሳቸው፣ ወርቁ የእማማ። ክቡር ሊቀ ማብራሪያ እሑድ እሑድ ጸሎት ሲያልቅ ከሥሩ ይቆማሉ። መውጫው በዚያ በኩል ስለሆነ የሚያመልጣቸው የለም።

«ፊቷን እዩት። ከቆዳዋ ሥር ምን ቀለም አለ? አረንጓዴ! መጀመሪያ አረንጓዴ ትቀባለህ። በላዩ ላይ በእንቁላል አስኳል የተበጠበጠ ቀይና ነጭ ስስ ስስ አድርገህ ትደርባለህ። ያን ጊዜ ደም ያለው ሰው ይሆናል። አረንጓዴውን ከረሳህ አሻንጉሊት ነው የሠራኸው።»

አንዲት ሴት «ውይ፣ እኛም ከሥር አረንጓዴ ነን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። «አንቺን አላውቅም፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ከሴትየዋ ኋላ ቆመው ነበር።

የሽቶው ዕቃ ለምን ወድቆ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ይነግሯችኋል፤ ለሬሳ ያመጣችው ሽቶ ነበር፣ ሬሳ ከሌለ ለማን ይሆናል? ደረቁ ዛፍ ላይ ስላለችው አንዲት ለምለም ቅጠል ይነግሯችኋል። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን በሁለቱ እጆች መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ነው። እሷ ልትነካው እጇን ዘርግታለች፤ እሱ እጁን ሰብስቧል። አራት ጣት ያህል ይቀራል።

«ከፊቷ ይልቅ ይህ ባዶ ቦታ ነው ጊዜ የወሰደብኝ» ይላሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቢጠብ ልትነካው ነው፤ ቢሰፋ ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ደግሞ ወደ ታች እዩ። ንጋት ነው፣ ፀሐይዋ ከኋላዋ ነው የምትወጣው። እጇ ባይደርስም ጥላዋ እግሩ ላይ ደርሷል።»

ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መቶውንም ጊዜ ልቤን ነክቶታል፤ ለእሳቸው ግን ነግሬያቸው አላውቅም፣ ሌላ መቶ ጊዜ እንዳይጨምሩልኝ።

አሁን ወደ አካፋው ልምጣ። ከአካፋው እጀታ ላይ፣ ወደ ታች በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ወርቅ አለች። ከሩቅ አትታይም፤ ቀረብ ላለ ሰው ግን ብልጭ ትላለች። ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። ሊቀ ማብራሪያም ለጠያቂው ሁሉ መልስ አላቸው። ለአናጺው፣ «የሥራ መሣሪያ ቅዱስ ነው ማለት ነው» አሉት። ለሙሽሮች፣ «ፍቅር ባልተጠበቀበት ቦታ ያርፋል» አሏቸው። ለተማሪዎች፣ የንጋት ኮከብ ናት፤ ለነጋዴው፣ እውነተኛው ወርቅ ላብ ያለበት ላይ ነው፤ ልጇን ላጣች እናት፣ ከተቀበረ ዘር ላይ የወጣች ፍሬ ናት። ለቄሱ ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ብቻ ቄሱ በሚቀጥለው እሑድ በዚያች ምስር በምታህል ወርቅ ላይ አርባ ደቂቃ ሰበኩ። ሦስት ሰው አለቀሰ።

እኔ ቆጥሬ አሥራ አንድ ማብራሪያ ላይ ደረስኩ። አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ «አባባ፣ ባለፈው ሌላ ነበር ያሉት» አልኳቸው።

«ባለፈው የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበራ!» አሉኝ።

እማማ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ ወደ ሥዕሉ የሚሄዱት እሑድ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ነው። ማብራሪያውም ረዘመ። ሰው እያየ መንገድ ቀየረ፤ በጎን በር የሚወጣ በዛ። እቤታቸው ደግሞ ሁለቱ አብረው ይሠሩበት የነበረውን ክፍል መስኮት አያስከፍቱም። በሙቀት ጊዜ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሆናል። ባለቤቴ «አባባ፣ ትንሽ አየር ይግባ እንጂ» ስትላቸው «ነፋስ ይገባል» ይላሉ። በዚያ ቤት ነፋስ የሚወስደው ወርቅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። እኔ እንቅልፍ የሚተኙ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሥዕሉን ሊያስጠግን ወሰነ። የሻማ ጥቀርሻ አጥቁሮታል፤ በጌታ ራስ ዙሪያ ያለው ወርቅም ተፍቆ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ብቅ ብቅ ብሏል። ባለሙያ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ማጉያ መነጽር ግንባሯ ላይ አድርጋ ሦስት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ዋለች። ከዚያ ሪፖርት ጻፈች። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ይዘው አባባን ደስ ሊያሰኙ መጡ፤ እኔም ነበርኩ። አንደኛ፣ ጥቀርሻው ይጸዳል። ሁለተኛ፣ ወርቁ እንደገና ይለጠፋል። ሦስተኛ፣ አካፋው ላይ በስህተት የወደቀችው የወርቅ ቁራጭ ተፍቃ ትነሣለች።

«ሦስተኛው አይሆንም» አሉ አባባ።

«ምክንያቱን ይንገሩና» አሉ ሰብሳቢው። ይህን ጥያቄ በመጠየቃቸው ወዲያው የተጸጸቱ ይመስለኛል፤ ሰዓታቸውንም አዩ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ያውቃሉ።

«ምክንያት የለውም» አሉ አባባ። ተነሥተው ወደዚያ ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ።

ሰፈሩ ተሸበረ። ሊቀ ማብራሪያ ማብራሪያ አልሰጥም አሉ የሚለው ወሬ ከዳቦ ቤቱ እስከ ፋርማሲው በአንድ ጠዋት ደረሰ። እሑድ ሥዕሉ ሥር አልቆሙም። ሰው በዋናው በር እንደ ልቡ ወጣ፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆም ቆም ይል ነበር፣ የረሳው ነገር እንዳለ። ባለቤቴ አልቅሳ «ሂድና አናግራቸው፤ እኔን እሺ አላሉኝም፤ አንተን ይሰሙሃል» አለችኝ። እኔን ሰምተውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የምሰማው እኔ ነኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሙቀቱ ይደፋል። አባባ አንድ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላው በርጩማ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የእማማ ዕቃዎች ተደርድረዋል፦ ወርቁን የሚዘረጉባት ትንሽ የቆዳ ትራስ፣ ወርቁን የሚያነሱበት ሰፊ ስስ ብሩሽ፣ ከተለጠፈ በኋላ የሚያሹበት ለስላሳ ድንጋይ። ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆየን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አይተኙም። እዚህ ክፍል ውስጥ አይወራም ነበርና አያወሩም። የእማማን ልማድ እየጠበቁላቸው ነው።

በመጨረሻ እሳቸው ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ወርቅ በምን እንደሚጣበቅ ታውቃለህ? በትንፋሽ ነው። ከሥር በሙጫ የተለወሰ ቀይ አፈር ትቀባለህ፤ ከዚያ ጠጋ ብለህ ሃ ትልበታለህ፣ መስታወት ላይ እንደምትለው። አፈሩ ይረጥባል፣ ወርቁን ይይዘዋል። ቅጠሉን ለማንሳት ትንፋሽህን ትውጣለህ፤ አፈሩን ለማርጠብ ትተነፍሳለህ። እሷ ስትሠራ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቀለም እበጠብጣለሁ። መናገር ክልክል ነው። እኔን አስበኝ እንግዲህ፤ ሙሉ ቀን!»

«እንዴት ቻሉት?»

«አልቻልኩትማ! እሱ ነው ጣጣው።» ባዶውን በርጩማ አዩ። «ያን የመግደላዊትን ሥዕል ስንሠራ ወርቁ ዘግይቶብን ሥርዓቱን ገለበጥነው። ወርቅ ይቀድማል፣ ቀለም ይከተላል፤ እኛ ቀለሙን አስቀደምን። አካፋውን ሠርቼ ጨርሼ ገና አልደረቀም። እሷ የመጨረሻዋን ቅጠል በብሩሽ አንስታ ወደ ጌታ ራስ እየወሰደች ነው። እኔ አካፋውን አየሁት፣ አየሁት፤ የት ነው የማውቀው አልኩ። ለካ የአባቷ አካፋ ነው! ልጠይቃት የሄድኩ ቀን እኔን ከበር ያባረሩበት፣ እጀታው በሽቦ የታሰረው! ሳላስበው ያንኑ ሠርቼዋለሁ። አፌ መች ይችላል፤ “ይሄ እኮ አባትሽ ያሯሯጡኝ አካፋ ነው” አልኳት።»

የእማማን ብሩሽ አነሡና መልሰው በቦታው አስቀመጡት።

«ሳቀች። እንዲያ እንደ ለመደችው በትከሻዋ አይደለም። ጮክ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ሆዷን ይዛ። ቅጠሉ ተቀደደ፣ ወርቁ ክፍሉን ሁሉ ሞላው፤ ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ። አንዲቷ ቁራጭ አካፋው ላይ አረፈችና እርጥብ ቀለም ያዛት። ልፈቀው ስል እጄን ያዘችኝ። “ተወው፤ አንተ እንደሆንክ ምክንያት አታጣለትም” አለችኝ።»

እኔ ያቺን ወርቅ እንዴት እንዳየኋት፣ አሥራ አንዱን ማብራሪያ እንዴት እንደ ቆጠርኩ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«በራሱ ዙሪያ ያለውን ይለጥፉት» አሉ አባባ። «ትንፋሿ ነው፤ ግን ያረጀ ወርቅ ይታደሳል፣ እሷም ታውቀዋለች። ያቺኛዋ ግን ሳቋ ናት። ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ የቀረኝ የለም። ልጄ፣ ናፈቀችኝ። ለሰው ሁሉ የምለፈልፈው እኮ እሷ ብትሰማኝ ምን ትለኝ ነበር እያልኩ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለኮሚቴው ለምን አይነግሯቸውም?»

«እንዴ! ቄሱ አርባ ደቂቃ ሰብከውበት? ሰውየውን ላዋርድ? ደግሞ የሷ ሳቅ በቃለ ጉባኤ አይያዝም። አንተም ትንፍሽ እንዳትል!»

ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ የምጽፈውም ቄሱ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተዛወሩና አባባ «አሁን ይቻላል» ስላሉኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚቴው ሥዕሉ ሥር ተሰበሰበ። አባባ የመጨረሻው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው ምክንያቱን ያቅርብ» አሉ። ሰብሳቢው ብዕራቸውን ሲያነሱ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሰማሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተነሥቼ «እስቲ ዓይናችሁን አበድሩኝ» አልኩ።

«መግደላዊት ጌታን አትክልተኛ ነው ብላ የተሳሳተችው በምን ምክንያት ነው? በአካፋው ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ከራሱ ዙሪያ ካለው ብርሃን ትንሽ ቆንጥሮ አካፋው ላይ አኖረ። እሷ ገና ሳታውቀው እኛ እንድናውቀው ነው። ምልክቱ ያለው እሷ በተሳሳተችበት ቦታ ላይ ነው። እሱን ከፋቃችሁት እኛም አብረናት ልንሳሳት ነው።» ቆም አልኩና «በሥዕል ላይ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር የለም» ብዬ ጨመርኩበት።

ሰብሳቢው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ» አሉ። ባለሙያዋ መሰላሉ ሥር ቆማ አንዴ ወርቋን፣ አንዴ አባባን አየች። ከዚያ ብዕር አውጥታ ሦስተኛውን ነጥብ ሰረዘች። ስንወጣ በአጠገባችን አልፋ ቀስ ብላ «አባቴ፣ እኔም አንዴ ወርቅ ይዤ አስነጥሶኝ ያውቃል» አለቻቸው። አባባ ኮፍያቸውን አነሡላት።

መንገዱን አጋመስን። ክንዴን ይዘው በዝግታ ይራመዳሉ። ምስጋናቸውን ስጠብቅ «ደካማ ነው» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ማብራሪያህ። ሠዓሊ ምስጢሩን አስቀድሞ አያወጣም። ከአሥራ አንዱ ጋር አይሰለፍም።»

ለካ እሳቸውም ይቆጥሩ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ቆሙ። ፊታቸውን ወደ መጣንበት መለሱ።

«እሷ ብትሰማው ግን ትስቅ ነበር» አሉ። ክንዴ ላይ ያለው እጃቸው ጠበቀ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።